የሰውነት ቋንቋ በሥራ ቦታ፦ በቃለ መጠይቅ፣ በስብሰባና በአለቃ ፊት እንዴት እንደምንጠቀምበትና እንደምናነበው

ስለ ሰውነት ቋንቋ በአማርኛ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ከሌላ አገር እንዳለ የተቀዳ ነው። «ጠያቂውን ዓይን ዓይኑን እያዩ ይመልሱ»፣ «እጅ ማጣመር ልብን መዝጋት ነው»፣ «ዓይኑን የሰበረ ይዋሻል» ይላል። ይህን አምኖ አዲስ አበባ ውስጥ ለቃለ መጠይቅ የቀረበ ወጣት፣ በዕድሜ ጠና ያሉትን የኮሚቴ ሰብሳቢ ፍጥጥ ብሎ ሲያያቸው ደፋርና ቅጥ የሌለው ልጅ መስሎ ይታያቸዋል። ታላቅ ፊት ዓይን ዝቅ ማድረግን ተምሮ ያደገው ደግሞ ከውጭ በመጣ ኃላፊ ፊት ሲቀርብ «የሚደብቀው ነገር አለ» ይባላል። ሁለቱም ሥራውን የሚያጡት ባላጠፉት ጥፋት ነው።

ይህ መመሪያ ለሁለቱም ወገን ነው፤ ለሚጠየቀውም ለሚጠይቀውም፣ ለሠራተኛውም ለአለቃውም። ከዳር እስከ ዳር የሚይዘውም አንድ ነገር ነው፦ አንድ ምልክት ብቻውን አይነበብም። ከሰውየው የዘወትር ሁኔታ፣ ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ማዕረግና ከተነሣው ጉዳይ ጋር ተያይቶ ነው የሚነበበው፤ የተነበበውም በቃል ተጠይቆ መረጋገጥ አለበት።

1. የተሳሳተውን ዕውቀት ይጣሉ

በየሥልጠናው ስላይድ ላይ የማይጠፋ ቁጥር አለ፤ ከመልእክታችን 7 በመቶው በቃል፣ 38 በመቶው በድምፅ፣ 55 በመቶው በፊትና በሰውነት ይተላለፋል የሚል። የቁጥሩ ምንጭ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ናቸው። የፈተሹት ጥያቄ ጠባብ ነበር፦ አንድ ሰው በነጠላ ቃል ስሜቱን ሲገልጽ ቃሉ፣ ድምፁና ፊቱ ካልተስማሙ ሰሚው የትኛውን ያምናል? የበጀት ሪፖርት ማቅረብንም ሆነ የሥራ ልምድ መተረክን አይመለከትም፤ መህራቢያን ራሱም ቀመሩ ስሜትንና አመለካከትን ከመግለጽ ውጭ እንደማይሠራ አስታውቋል። ለቃለ መጠይቅ ሲዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜዎን ለመልሱ ይስጡት። ሰውነት መልሱን ያጅባል እንጂ አይተካውም።

«ውሸታም በዓይኑ ይታወቃል» የሚለው ደግሞ ሰው የሚጎዳ ስሕተት ነው። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ200 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰዎች እውነቱን ከውሸት በትክክል የሚለዩት በአማካይ 54 በመቶውን ጊዜ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በዕጣ ከመገመት ብዙም አይሻልም። የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ይህን ቁጥር በቃሉ ሊይዘው ይገባል፤ የሰው እንጀራ በእጁ ነውና።

ከቃለ መጠይቅ በፊት እጅን ወገብ ላይ አድርጎ፣ ደረትን ነፍቶ ለደቂቃዎች መቆም ሆርሞን ይለውጣል የሚለውም አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2010 በ42 ሰዎች ላይ ተሠርቶ ዝነኛ የሆነው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 በ200 ሰዎች ላይ ሲደገም የሆርሞን ለውጡ አልታየም፤ በ2016 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች አንዷ ዳና ካርኒ ውጤቱን ከእንግዲህ እንደማታምንበት በይፋ ጽፋለች። ቀና ብሎ መቆም የሚያረጋጋዎ ከሆነ ይቁሙ፤ ተአምር ግን አይጠብቁ።

2. የሰውየውን የዘወትር ሁኔታ ይያዙ

ማንበብ የሚጀምረው ሰውየውን ከራሱ ጋር በማነጻጸር ነው። ሁልጊዜ እግሩን እያርገበገበ የሚቀመጥ ባልደረባ ስብሰባ ላይ እግሩን ቢያርገበግብ ምንም ማለት አይደለም። የበጀቱ ጉዳይ ሲነሣ ያ እግር ድንገት ቀጥ ካለ ግን ልብ ሊሉት ይገባል።

ለዚህ ረጅሙ ሰላምታችን ትልቅ ሀብት ነው። «እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ሥራ እንዴት ይዞዎታል» ሲባባሉ፣ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ሲጨዋወቱ፣ የንግግሩን ፍጥነት፣ እጁ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ዓይኑ ሰው ላይ የሚቆይበትን ጊዜና ሲያስብ ወዴት እንደሚያይ ያስተውሉ። ወደ ቁም ነገሩ ሲገቡ የሚፈልጉት ከዚህ የተለየውን ነው።

ለውጥ ባዩ ጊዜ ወዲያው ትርጉም አይስጡት። መጀመሪያ ለውጡ በየትኛው ቃል ላይ እንደመጣ ይያዙ። ቀጥሎ ብቻውን መሆኑን ወይም ሌላ ለውጥ የተከተለው መሆኑን ይዩ፤ ድምፅም ቀንሶ፣ እጅም ቆሞ፣ ፊትም ጠቁሮ ከሆነ ነገር አለ። ከዚያ ተራ ምክንያት ይፈልጉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ዓይኑ ቢፈዝ፣ በረመዳን አመሻሹ ላይ መልሱ ቢያጥር፣ ስለ እርስዎ ፕሮጀክት የሚናገረው ነገር የለም። የማይመች ወንበር፣ ፊት ለፊት የሚመታ ፀሐይ፣ ኪስ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ስልክ፣ ማታ ያልተኛ ሕፃን፣ እነዚህ ሁሉ ከስውር ሐሳብ ይቀድማሉ።

አንገት ማሸት፣ ቀለበት ማዞር፣ የነጠላ ጫፍ መጠቅለል፣ የሸሚዝ እጅጌ መጎተት ሰው ራሱን የሚያረጋጋባቸው እንቅስቃሴዎች ናቸው። ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ምልክቶችን ሲመድቡ እነዚህን ከንግግር ጋር ከሚሄደው የእጅ እንቅስቃሴ ለይተው አስቀምጠዋቸዋል። ጭንቀት መኖሩን ሊጠቁሙ ይችላሉ፤ ከምን እንደመጣ ግን አይነግሩዎትም።

3. ቃለ መጠይቅ ሲገቡ

ቦርሳዎንና ፋይልዎን ውጭ ሳሉ ወደ ግራ እጅዎ ያዛውሩ፤ ቀኝዎ ነጻ ይሁን። አንኳኩተው «ይግቡ» እስኪባሉ ይጠብቁ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ተቀምጦ ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ እየዞሩ መጨበጥ አያስፈልግም፤ ከቆሙበት ከወገብ ትንሽ ጎንበስ ብለው በአንድ ድምፅ ሰላምታ ይስጡ። እጅ ከተዘረጋልዎ በቀኝ ይጨብጡ፤ በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው የቀኝ ክንድዎን በግራ እጅዎ ደገፍ ማድረጉ ዛሬም ያምራል፣ ማንንም አያስቀይምም። ቀድመው ግን እጅ አይዘርጉ። በተለይ ለተቃራኒ ጾታ እጅ የማይሰጡ ሙስሊም ጠያቂዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ካደረጉ እርስዎም እንደዚያው ይመልሱ። «ይቀመጡ» ሳይባሉ አይቀመጡ።

ሲቀመጡ ጀርባዎ ወንበሩን ይንካ፣ ሁለቱም እግርዎ ወለሉን ይርገጥ። እግር አነባብሮ መቀመጥ ወጣቶች ባሉበት የግል ድርጅት ማንም ልብ አይለውም፤ ሸምገል ያሉ ሰዎች ባሉበት ግን ንቀት ተደርጎ ይወሰዳልና ይተዉት። እጅዎ ጭንዎ ላይ ወይም ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይረፍ።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ማፍጠጥም አንገት ደፍቶ መቅረትም ሳያስፈልግ አክብሮትንም መተማመንንም ማሳየት ይቻላል። እንዲህ ያድርጉ፦

ጥያቄው ሲጠየቅ የጠያቂውን ፊት ይመልከቱ። ዓይኑን ለማየት የሚከብድዎ ከሆነ በቅንድቡና በአፉ መካከል ያለውን አካባቢ ይዩ፤ እሱ ልዩነቱን አያውቀውም። ጥያቄው ሲያልቅ ዓይንዎ ወደ ጠረጴዛው ቢወርድ ምንም አይደለም፤ የሚያስብ ሰው ዓይኑን ከሰው ፊት ማንሣቱ የተለመደ ነው። የመልስዎን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ግን ቀና ይበሉ። በመሐል ዝርዝሩን ሲናገሩ ዓይንዎ እንደ ልማዱ ይሂድ፣ ሌሎቹንም ጠያቂዎች በየተራ ይንካ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ወደ ጠየቀዎ ሰው ተመልሰው ይዝጉ። መጀመሪያውና መጨረሻው ቀና ከሆነ በመሐል ዝቅ ማለትዎ ጨዋነት ሆኖ ይታያል። ዳር ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ የሚይዘውንም ሰው አይርሱት፤ ብዙ ጊዜ የሰው ኃይል ባለሙያው እሱ ነው።

ድምፅዎ ከዓይንዎ የበለጠ ይከዳዎታል። ታላቅ ፊት ድምፅ ዝቅ ማድረግ የተማርን ሰዎች ዓረፍተ ነገሩን በደንብ ጀምረን መጨረሻው ላይ እንውጠዋለን። አማርኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሠራሁ ይሁን አልሠራሁም የሚለው የሚሰማው እዚያ ነው። መጨረሻውን ቃል ጥርት አድርገው ይናገሩት።

4. ጠያቂው እርስዎ ከሆኑ

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ላይ ያየኋትን ወጣት አልረሳትም። ስለ ራሷ ስትጠየቅ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ መለሰች። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ማስታወሻቸው ላይ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ሰብሳቢው የባንክ መግለጫው ከመዝገብ ሒሳቡ ጋር ባይገናኝ ምን እንደምታደርግ ጠየቋት። ቀኝ እጇ ተነሣና ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ሁለት ዓምድ ማስመር ጀመረች፤ ይህ ገና ያልተመነዘረው ቼክ፣ ይህ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ፣ ይህ በመንገድ ላይ ያለ ገቢ እያለች። ድምፅዋ ከፍ አለ፣ መልሱ ሳይቋረጥ ፈሰሰ። ዓይኗ አሁንም ከጠረጴዛው አልተነሣም፤ የምታየው ግን በሐሳቧ የዘረጋችውን ሒሳብ ነበር። አጠገቤ ያሉት ሰው የጻፉትን ሰረዙት።

ከዚህ የሚወሰደው ዘዴ ይህ ነው፦ ተፈታኙን ስለ ራሱ እንዲናገር ከማስጨነቅዎ በፊት ስለሚያውቀው ሥራ ያስወሩት። «ስለ ራስዎ ይንገሩን» ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብሎ ላደገ ሰው ከባዱ ጥያቄ ነው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን እንጠይቃለን። የሚያውቀውን ሥራ ሲያስረዳ እጁ ከቃሉ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ይዩ። የሠራውን የሚናገር ሰው እጁ ዕቃውን፣ መሣሪያውን፣ ደረጃውን ሲያሳይ ያዩታል። እጁ ዝም ቢል ግን አያውቅም ማለት አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ ዝርዝር ጥያቄ ይጠይቁ እንጂ አይፍረዱ።

የኮሚቴው የራሱ ሰውነት ፈተናውን ያከብደዋል። ማንም ሳይናገር የተፈታኙን ሲቪ የሚያገላብጥ፣ ስልኩን የሚያይ፣ ግንባሩን የሚቋጥር ኮሚቴ ፊት ደፋሩም ይንተባተባል። ውኃ አቅርቡለት። እየሰሙት መሆኑን በጭንቅላት ንቅናቄ አሳዩት። ነጥብ ሲሰጡ ደግሞ ያዩትንና የገመቱትን ለዩ፦ «ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር» ያዩት ነው፤ «ፈሪ ነው» ግምት ነው። ውጤት መስጫ ቅጹ ላይ ሁለተኛው ዓይነት ቃል ከሌለ ክርክሩም ያጥራል፣ ቅጥሩም ንጹሕ ይሆናል።

5. ስብሰባ ውስጥ «እሺ»ን መለየት

ይሉኝታ ባለበት መሥሪያ ቤት አለቃ ፊት «አይሆንም» የሚል ሠራተኛ ጥቂት ነው። እምቢታው በሰውነት ይነገራል፤ አፉ «እሺ» ይላል። ስለዚህ የአገራችን ኃላፊ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት የ«እሺ»ን ዓይነቶች ነው።

ብዕሩ እየጻፈ፣ ቀና ብሎ፣ ቶሎ የሚወጣ «እሺ» አብዛኛውን ጊዜ ስምምነት ነው። ተጎትቶ፣ ከትንፋሽ ጋር፣ ፊት ወደ ጎን ዞር ብሎ የሚወጣው «ሰምቻለሁ፣ ግን» ማለት ነው። ትከሻ ከፍ ብሎ «እንግዲህ እንሞክራለን» ከተባለ ሥራው በቀኑ እንደማይደርስ ቢያንስ ይጠርጥሩ። «ችግር የለም» ተብሎ ፈገግታው ወደ ባልደረባ ከዞረ ችግር አለ፤ ባልደረባውም ያውቀዋል። ከንፈር መምጠጥ ሲሰሙ ደግሞ አንድ ሰው ነገሩ እንዳሳዘነው ነግሮዎታል።

የሩብ ዓመት ሪፖርት ስብሰባን እንውሰድ። ኃላፊው «እስከ ዓርብ ይደርሳል አይደል?» ብለው የቡድን መሪውን ይጠይቃሉ። የቡድን መሪው «እሺ» ከማለቱ በፊት ለቅጽበት ዳር ወደ ተቀመጠችው መረጃ ሰብሳቢ ያያል። እሷ መጻፏን አቁማ ደብተሯ ላይ ታቀረቅራለች። ከዚያ «እሺ፣ ይደርሳል» ይላል። መልሱ ያለው ከቃሉ በፊት በተላለፈው ዓይን ውስጥ ነው፤ መረጃው ገና አልተሰበሰበም።

ኃላፊው እዚያው ሰው ፊት «ምነው ፊትሽ ተቀየረ?» ቢሉ ሁለቱንም ያሳፍራሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሁሉም ፊቱን መደበቅ ይለማመዳል። የሚሻለው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «አይደል?» ብሎ የሚያልቅ ጥያቄ «እሺ» ብቻ ነው የሚያስመልሰው። «ከአሁን እስከ ዓርብ የቀረው ምን ምን ነው? ከየትኛው ቅርንጫፍ መረጃ አልመጣም?» ብለው ቢጠይቁ ሠራተኛው አለቃውን ሳይቃወም እውነቱን መናገሪያ በር ያገኛል። ካልሆነም ከስብሰባው በኋላ፣ ቡና ላይ፣ ለብቻ ይጠይቁ።

መናገር የሚፈልገውንም ሰው ሰብሳቢው ማየት አለበት። በትንሹ ወደ ፊት ይጠጋል፣ ትንፋሽ ይስብና አፉን ከፈት ያደርጋል፣ ብዕሩን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል። ወጣቶችና በቁጥር ጥቂት የሆኑ ሴቶች ታላላቆች ሲነጋገሩ አቋርጠው አይገቡም፤ ያቺ ቅጽበት ካለፈች ሐሳቡም ያልፋል። «የሚሉት ነገር ያለ መሰለኝ» ብሎ መጋበዝ የሰብሳቢው ሥራ ነው።

አለቃ ሆይ፣ ፊትዎ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ንባብ ነው። መጥፎ ዜና ያመጣውን ሠራተኛ ፊት ቢነሡት፣ ቀጣዩ መጥፎ ዜና ከኦዲት ሪፖርት ላይ ነው የሚደርስዎ። ሲነገርዎ ስልክዎን ይገልብጡ፣ ወደ ተናጋሪው ይዙሩ፣ እስኪጨርስ ፊትዎን ያለዝቡ፤ ሐሳብዎን በመጨረሻ ይናገሩ።

6. ከሌላ አገር ሰው ጋር ሲሠሩ

ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንለው «አዎ» ለእንግዳ ሰው መደንገጥ ይመስላል፤ ቅንድብ ከፍ አድርገን የምንመልሰውን «አዎ» ደግሞ ጨርሶ ላያየው ይችላል። ከውጭ ባልደረባ ጋር ሲሠሩ አዎታዎን በቃል ጨርሰው ይናገሩት። አዲስ ለሚመጣ የውጭ ሠራተኛም በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ቢነግሩት ብዙ አለመግባባት ይቀራል።

ርቀትም ይለያያል። ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካውያንን አይቶ እንደገለጸው ለሥራ ንግግር የሚመቻቸው ከ1.2 ሜትር ጀምሮ ያለው ርቀት ነው። እኛ ትከሻ ለትከሻ ሰላም ተባብለን፣ እጅ ሳንለቅ ቆመን እናወራለን። ዋሽንግተን አካባቢ ሥራ የሚያመለክት ወገናችን የእጅ አጨባበጡን ጠበቅና አጠር አድርጎ፣ በአንድ እጅ፣ ፊት ለፊት እያየ ቢያደርገው ይሻላል። እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤል ወጣቶች ከወላጆቻቸው የወረሱት ዝቅ ያለ ዓይንና ለስላሳ ድምፅ በአሠሪዎች ዘንድ የችሎታ ማነስ ተደርጎ ሲነበብ ኖሯል። እዚያ የሚረዳው ነገሩን በቃል ማውጣት ነው፦ «በዚህ ሥራ ልምድ አለኝ፣ ይህን ይህን ሠርቻለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር። ባሕረ ሰላጤ አገሮች ላሉት ደግሞ የጫማን ሶል ወደ ሰው ማዞርና ዕቃ በግራ እጅ ማቀበል የሚያስቀይም መሆኑን ማወቅ ይበቃል።

7. በቪዲዮ ጥሪ

ካሜራው በዓይንዎ ልክ ይሁን፤ ስልክ ከሆነ መጽሐፍ ደራርበው ያቁሙት። መስኮቱ ከፊትዎ እንጂ ከጀርባዎ አይሁን። የመልስዎን መጀመሪያና መጨረሻ ካሜራውን እያዩ ይናገሩ፣ ሌላውን ጊዜ ሰዎቹን ይዩ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የደረቀ ፊት ወይም የዘገየ መልስ ምንም ትርጉም የለውም፤ አይቁጠሩት።

8. ልምምዱ

በስልክዎ ለአንድ ጥያቄ የሚሰጡትን የሁለት ደቂቃ መልስ ይቅረጹ። አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው ይዩት፣ አንድ ጊዜ ስልኩን ገልብጠው ድምፁን ብቻ ይስሙት። ከዚያ አንድ ልማድ ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ መዋጥን። እሱ ሳይስተካከል ሌላ አይጨምሩ፣ አለዚያ ቃለ መጠይቁ ላይ ሐሳብዎ ሁሉ እጅና እግርዎ ላይ ይሆናል።

ለማንበብ ደግሞ ከስብሰባ በኋላ ለውጥ ያዩበትን ጉዳይና ምን እንደገመቱ በአጭሩ ይጻፉ። እውነቱ ሲታወቅ ተመልሰው ከጎኑ ያስፍሩ። ቆይተው ሲያነቡት ስሕተትዎ የሚበዛው በማን ላይ እንደሆነ ይታይዎታል፤ ብዙ ጊዜ በማንወደው ሰው ላይ ነው፣ ወይም ከእኛ በተለየ አካባቢ ባደገ ሰው ላይ። እዚያ ላይ ግምትዎን ያዘግዩ፣ ጥያቄዎን ያብዙ። ደብተሩ ላይ የማንንም ስም አይጻፉ፤ ጉዳዩና ቀኑ ይበቃል።